የሚስተር ላምሊ የንብ መጽሐፍ

ማክሰኞ ጠዋት ስህተቴን ካወቅሁ ወዲህ ሥራ በእጄ አልረጋ አለኝ። የአንድ ገበሬ ጫማ ሁለት ጊዜ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ አፈረስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በነጻ ከሚያነቡት መቶዎች አንዱ ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ክረምት ብቻ ነው፤ የቀረውን የለቀምኩት ከጸሎት ቤት ስብከትና ጫማቸውን እስክጨርስ ቁጭ ብለው ከሚያወሩ ደንበኞች ነው። የአዘጋጁ ቢሮ ከኦክስፎርድ አሮጌ መጽሐፍ ይልክልኛል። እኔም ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ በቁራጭ ወረቀት ገልብጬ፣ ዓመቱንና ገጹን ጨምሬ እመልሳለሁ። መጽሐፉ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ግን መገልበጥ የለም፤ በመቀስ ቆርጦ በሙጫ መለጠፍ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ነውር አይደለም።

በዚህ ወር ሁለት መጻሕፍት በአንድ ጥቅል መጡ። ደብዳቤው «ሽፋን ያለው ሚስተር ላምሊ ያዋሱን ነው፤ በእጅ ይገልበጥ፤ ሐሙስ ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል። ሽፋን የሌለው ይቆረጥ» ይላል። ጥቅሉን ስፈታው ግን ሽፋኑ ተላቅቆ ለብቻው ወድቋል። ስለ መርከበኞች በሚያወራው በአንደኛው መጽሐፍ ላይ ለካሁት፤ ልክ መጣ፤ አለበስኩት። ሌላውን፣ ስለ ንብ ማነብ የሚያወራውን፣ ቆረጥኩ። አርባ አንድ ቅጠል። ቁርጥራጮቹን ሰኞ በፖስታ ላክሁ። ማክሰኞ የመርከበኞቹን ልገለብጥ ተቀምጬ ሽፋኑን ስገልጥ፣ ከውስጥ በኩል በደበዘዘ ቀለም «የላምሊ ቤት የንብ መጽሐፍ» የሚል አየሁ።

ሠላሳ ዓመት ቆዳ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሽፋኑንና የጥራዙን የወስፌ ቀዳዳ ብቆጥር ኖሮ የማን ሽፋን እንደሆነ ይነግረኝ ነበር።

ሚስተር ላምሊ በአገራችን ገሚሱን ሰው ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ናቸው። እሳቸው መጽሐፌን አበላሹብኝ ካሉ ከእንግዲህ በዚህ አካባቢ ለመዝገበ ቃላቱ መጽሐፍ የሚያውስ አይገኝም። ለእኔም የሚልክ አይኖርም።

«መንገድ ላይ ጠፋ በላቸው» አለችኝ ባለቤቴ ታቢታ።

«ሽፋኑስ?»

«እሱም አብሮ ጠፋ።»

«እሑድ ጸሎት ቤት ቆሜ ምን ብዬ ልስበክ?»

«የምትሰብከው አንተ ነህ፤ እኔ አይደለሁም። ተወው፣ እኔ ልዋሽልህ።» ፊቷ ግን አልሳቀም።

ያንኑ ቀን ቁርጥራጮቹ ይመለሱልኝ ብዬ ለቢሮው ጻፍኩ። መልሱ ሐሙስ ጠዋት ደረሰ፤ ወረቀቶቹ በፊደል ተራ እየተለዩ በየሣጥኑ ገብተዋል፤ አሁን ከብዙ ሺህ ወረቀት መሀል ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከቁርስም በፊት ከቁርስም በኋላ ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ እንጃ።

አስር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

«ደህና ዋልክ ጄቤዝ» አሉ ሚስተር ላምሊ፣ በበትራቸው ደፉን እየፈለጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ ይበሉ።»

«ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ነገር ነው ማለት ነው።»

መጽሐፉን እጃቸው ላይ አደረግሁላቸው። «የሚቆረጠው እሱ ነው ብዬ ቆረጥኩት። ስህተቱ የኔ ብቻ ነው፤ ቢሮው በደንብ ጽፎልኝ ነበር።»

ቅጠሉን ሲገልጡ ጣታቸው በተቆረጠው ቀዳዳ አልፎ ወጣ። እዚያው ተወት አደረጉት። ታቢታ የሻይ ሲኒ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«አባቴ ማንበብ ያስተማረኝ በዚህ ነው» አሉ። «የቆረጥከው የታለ?»

«በፊደል ተራ ተበትኗል። ኤው ከኤ ጋር፣ ቢው ከቢ ጋር።»

«መዝገበ ቃላቱ መቼ ያልቃል?»

«ሃያ ዓመት ይሉታል። ሠላሳ የሚሉም አሉ።»

«እኔ ሰባ ስምንቴን ይዣለሁ ጄቤዝ።»

በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን መቀሱ ላይ አርፏል፤ ልሸፍነው ፈለግሁና እጄ እምቢ አለኝ።

መጽሐፉን መልሰው ጭኔ ላይ አኖሩት። «ጨርሰው።»

«ምኑን?»

«የቀረውን። ግማሹን ቤቴ ምን ላደርገው ነው? የጀመርከውን ጨርስ። ብቻ ሳትቆርጥ በፊት ጮክ ብለህ አንብብልኝ። ዓይኔ ከከዳኝ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ አንተም እንዳትናገር።»

«ሚስተር ላምሊ፣ እኔ ከእንግዲህ ይህን መጽሐፍ በመቀስ…»

«ማንበቡን ማን ከለከለህ?» አሉ፣ እንደ ጥንቱ መምህር። «ታቢታ፣ ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው እኮ።»

ካልተቆረጡት ቅጠሎች ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ሊወጡ ሲሉ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰሙ ይናገራል። የሳቸው ከንፈር ከእኔ አንድ ቃል ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ቅጠሉን ጨረስኩ። መቀሱን አነሳሁ፤ ከፍቼም ፊታቸውን እያየሁ ጠበቅሁ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ይቺን ደግመህ አንብባት» አሉኝ።