ከወጌሻ የተደበቀ ደም

ወጋየሁ ሲወለድ ጀምሮ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሰው ነው። ሐኪሞቹ ሄሞፊሊያ ይሉታል። መካኒሳ አቦ፣ በሚኖርበት በእህቱ በሙሉመቤት ቤት ግን የበሽታው ስም «ቁርጥማት» ነው። ስሙን ያወጣው የሙሉመቤት ባል ኖላዊ ነው። «ደም የማይቆምለት ዘር አላቸው ከተባለ ልጄን ውዳሴን ማን ያገባታል?» አለ፤ ቤተሰቡም አሜን ብሎ ተቀበለ። ኖላዊ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ሲወስን አገር ያስተዳደረ ይመስለዋል። አሁን ደግሞ ሽማግሌ ሊመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የወጋየሁ ቀኝ ጉልበት አርባ ዓመት ሙሉ ወደ ውስጥ እየደማ፣ እያበጠና እየከሰመ ኖሮ በመጨረሻ እንደታጠፈ ቀርቷል። ከሁለት ወር ወዲህ ሐሚዳ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ጉልበቱን ትሠራለታለች። መጀመሪያ ደም የሚያረጋውን መርፌ ይወጋል። ከዚያ ሐሚዳ ቅልጥሙን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ትስባለች፤ እንደሳበች ትቆያለች፤ ትለቃለች። ፊቱ ትንሽ ከተኮማተረ እዚያው ታቆማለች። ጩኸት የለ፣ ጣጣ የለ። አልጋ ላይ ሲንጋለል ከጉልበቱ ሥር የነበረው ክፍተት ሁለት ጣት ያህል ጠበበ። ወጋየሁ ስለቱ እንደሰመረለት ሰው በልቡ አመሰገነ።

ኖላዊ ግን ሳቀ። «ሁለት ወር ስትዳብስህ ከርማ ሁለት ጣት? ለመዳበሱማ እኛም ድመት አለችን።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኖላዊ ብቻውን አልመጣም። ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ትሕትናውን ግን እዚያው ደጀ ሰላም ትቶ፣ ጉልበቱ ከሽማግሌዎቹ በፊት እንዲቃና ብሎ ባሻ ከበበውን ይዞ ገባ። ባሻ ከበበው ከብስራተ ገብርኤል እስከ ለቡ ስማቸው የተጠራ ወጌሻ ናቸው።

«ምን አገኘው?» አሉ ባሻ።

«ከደረጃ ወድቆ ነው» አለ ኖላዊ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«መቼ?»

«ቆየት ብሏል።»

ባሻ መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው ጉልበቱን ዙሪያውን ዳሰሱት። «ተዛንፎ የቆየ ነው። አንዴ ቀጥ ሳደርገው ታምሃለች፣ ቻላት። አንተ፣ ትከሻውን ያዝልኝ።»

ኖላዊ ለመያዝ አልዘገየም። ለሥራ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም።

ወጋየሁ የሚመጣውን ያውቃል። ባሻ አንዴ ከመነጨቁት ጉልበቱ ደም ይሞላል፤ የሁለት ወሩ ሁለት ጣት ይሄዳል፤ ምናልባት እግሩም አብሮ። ከተናገረ ደግሞ የውዳሴ ነገር ከዛሬ ጀምሮ የሰፈር ወሬ ይሆናል። እህቱን አየ፤ ሙሉመቤት ምንጣፉን ታያለች። ውዳሴ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የባሻ እጅ ቅልጥሙን ጨበጠ።

«ባሻ፣ ይቆዩኝ» አለ በቀስታ። «እኔ አልወደቅኩም። ደሜ አይቆምም። ስወለድ ጀምሮ ነው።»

«ፈርቶ ነው የሚቀባጥረው» አለ ኖላዊ። «ይሳቡት።»

ባሻ አልሳቡም። ወደ ሙሉመቤት ዞሩ። «እህቱ ነሽ አይደል? አንቺ ንገሪኝ።»

ሙሉመቤት የምንጣፉን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረች።

«እውነቱን ነው» አለች ውዳሴ ከበሩ። «በእናቴ በኩል የመጣ ነው። እኔም ተመርምሬያለሁ፤ ለወንድ ልጅ ላስተላልፈው እችላለሁ ተብያለሁ።»

ባሻ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን አነሡና ቅቤውን በገዛ ጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ኖላዊን ከላይ እስከ ታች አዩት። «በዚህ እጄ ነፍስ ልታስጠፋኝ ነበር። ለወጌሻ በሽታ የምትደብቅ ሰው፣ ለንስሐ አባትህ ምን ትናገራለህ?»

«ባሻ፣ ለልጄ ብዬ እኮ ነው... ሽማግሌዎቹ ቢሰሙስ?»

«ሰምተዋል፣ አባዬ» አለች ውዳሴ። «ለሚያገባኝ ልጅ ከጾሙ በፊት ነግሬዋለሁ። እሱም ለቤተሰቦቹ ነግሯቸዋል። እንዳልሰሙ የመሰለህ አንተ ብቻ ነህ።»

ለኖላዊ የሚወስነው ነገር አልቀረለትም። ጣቶቹ አሁንም የወጋየሁ ትከሻ ላይ ናቸው።

«እጅህን አንሳልኝ» አለው ወጋየሁ።