የሰሊማ ክንድ

ነስሩ ሃያ ሁለት ዓመት በሆሳዕናና በቦኖሻ መካከል ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ ግን መኪናው ደጁ ላይ ቆሞ አቧራ ለብሷል፤ እሱም በመስኮት እያየው ይብሰለሰላል። እጁ ተመልሷል፣ እግሩም ደህና ነው። የቀረው የደም ግፊቱ ብቻ ነበር።

ከጤና ጣቢያ የተሰጠው መለኪያ ከስልኩ ጋር የተገናኘ ነው። ጠዋት ጠዋት ክንዱን ጠቅልሎ ሲለካ ቁጥሩ በራሱ ነርሷ ሲስተር ማራኪ ዘንድ ይደርሳል። ግፊቱ ወር ሙሉ ከመቶ አርባ በታች ከሆነ ብቻ ሐኪሙ መሪ እንዲይዝ እንደሚፈቅድለት ነግራዋለች። የነስሩ ግፊት ደግሞ እንደ ራሱ ግትር ነው፤ ከመቶ ስልሳ አልወርድ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለ ለሌላው ሲተርት የኖረ ሰው፣ አንድ ማለዳ መለኪያውን ይዞ በእሱ ፈንታ እንድትለካለት ሊለምናት ሚስቱ ሰሊማ ፊት ቆመ።

ሰሊማን ጉንፋን እንኳ ደፍሯት አያውቅም። አምስት ልጅ ወልዳ፣ እሱን ሦስት ወር አንስታ አስቀምጣ፣ አንድ ቀን አመመኝ አላለችም። ይሄ ማታለል ነው ብላ ተሟገተችው። ኋላ ግን አሳዘናትና ክንዷን ዘረጋችለት። ነስሩ ቁጥሩን ለማየት እንኳ አልደከመም፤ የሰሊማ ደም ምን ሊል ነው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲስተር ማራኪ ደወለች።

«ጋሽ ነስሩ፣ ምን ሆነው ነው? ሁለት መቶ አስር በመቶ ሃያ ነው የመጣልኝ። ራስዎን ያምዎታል? ዓይንዎን ይጋርድዎታል?»

ነስሩ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ግንባሯን በሻሽ ጠፍንጋ ማሰር ከጀመረች ስንት ሳምንቷ ነው? ጠይቋት አያውቅም። እንዲያ ያለ ፍርሃት እሱ ራሱ የወደቀ ዕለት እንኳ አልተሰማውም።

ሰሊማም ሰምታለች። ቢሆንም ዝም በል ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ እውነቱ ከወጣ ፈቃዱ እንደሚቀርበት ገብቷታል።

«ክንዱ የኔ አይደለም፣ ሲስተር» አለ። «የባለቤቴ ነው። የኔን ተዉት፣ እሷን አድኑልኝ።»

ነርሷ አሁኑኑ ይዟት እንዲመጣ፣ እሱም መሪ እንዳይነካ፣ ባጃጅ እንዲይዙ አዘዘችው።

ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነስሩ እጇን ያዘና ከመቼ ጀምሮ እንደሚያማት ጠየቃት።

«አንተ ከወደቅክ ጀምሮ» አለችው።