ከኋላ የምትመራ መሪ

ባሌ ሽኩር በዚህ በሰው አገር፣ ክሊፕታውን ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ከባንኮኒው እስከ መጋዘኑ ካልሆነ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። ዳገት ሲባል የሚያውቀው የመጋዘኑን ደረጃ ነው። ይህ ሰው ነው እንግዲህ የድራከንስበርግን ተራራ ልውጣ ብሎ የተነሳው!

ነገሩ የልጃችን ነው። ፊርዶስ የተራራ መሪነት ተምራ ጨርሳለች፤ ሥራም አግኝታለች፤ የቀራት የአባቷ ዱአ ብቻ ነበር። ያለ እሱ ዱአ ደግሞ ንቅንቅ አልልም አለች። ሽኩርስ? «ሰው ተራራ ስለወጣ ደሞዝ ይከፈለዋል? ልጄን ያሳደግኳት ፈረንጅ ዳገት ለዳገት እንድትነዳ ነው?» እያለ ሰነበተ። በመጨረሻ፣ «በዓይኔ ካላየሁ አልመርቅም» አለ። እሰይ፣ ይየው!

በኖቬምበር መጀመሪያ፣ እዚህ አገር በጋው ሲገባ፣ ጎህ ሳይቀድ በዱካሞ መኪና ተነሳን። ዱካሞ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር የሚነግድ የሽኩር ወዳጅ ነው። ሽኩር እንደ ወጉ የፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያደረገው የጁምአ ጫማውን ነው፤ አሳምሮ ወልውሎታል። ፊርዶስ የገዛችለትን የተራራ ጫማ «የወታደር ነው» ብሎ ቤት ትቶታል። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ።

ከተራራው ሥር ፊርዶስ አስጠነቀቀችን። «ዘንድሮ በረዶው ዘግይቶ ነው የጣለው። ፀሐይ የሚያገኘው መንገድ ደርቋል፤ ጥላ ያለበት ሸለቆ ውስጥ ግን ገና አልቀለጠም። ላዩ ጠንካራ ይመስላል፣ ሥሩን ግን ውሃ በልቶታል። ሳልፈትሸው ማንም እንዳይረግጥ። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚኖር፣ ቀትር ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን።»

«እሺ» አለ ሽኩር፤ እሺ ብሎም ከፊት ወጣ። ልጄ ከአባት ፊት መሄድ ነውር ነው ተብላ ያደገች ናትና ቀረት አለች። ዱካሞ በዕድሜ ይበልጣታል፣ ተከተለ። እኔ እናት ነኝ፣ ተከተልኩ። እንዲህ በዕድሜ ተሰልፈን መሪያችን መጨረሻ ሆነች! «አባ፣ ወደ ግራ... አባ፣ ቀስ ይበሉ» ትላለች ከኋላ። መንገዱን የማያውቀው ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። በየመታጠፊያው ዞር እያለ፣ «የታለ ታዲያ ሥራሽ? እኔው እየመራሁ አይደል?» ይላታል። እሷ ግን፣ «አባ፣ ወደ ቀኝ» ትላለች።

ሸለቆው ጋ ስንደርስ በረዶው መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ሽኩር አይቶት ሳቀ። «ይሄ ነው እንዴ? የሱቄ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ይበልጣል!» ብሎ ያንን የጁምአ ጫማ አነሳ።

«አባ፣ ይቁሙ!»

እኔንም ዱካሞንም ገፍታ አለፈችና ጃኬቱን ከኋላ ጨምድዳ ጎተተችው። ተንገዳግዶ በቂጡ ዘጭ አለ። እሷ ከፊቱ ቆመች። በሞትኩት! የሽኩር ፊት ጠቆረ። «አባትሽን ትቀድሚያለሽ?»

«አዎ አባ። እዚህ እቀድማለሁ» አለች። «ካልፈለጉ አይመርቁኝ። ይሄን ግን አይረግጡትም።»

ትልቅ ድንጋይ አንስታ ሽኩር ሊረግጥ የነበረበት ቦታ ላይ ወረወረች። በረዶው ድርምስ ብሎ ገባ። ጥልቅ ጉድጓድ ተከፈተ፤ ከታች ውሃው ሲንሿሿ ሰማን። ባሌን ከነጫማው ይውጠው ነበር። አልሐምዱሊላህ እያልኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሽኩር ጉድጓዱን ብዙ አየው። ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ከልጁ ኋላ ሄዶ ቆመ። ዱካሞ እንደለመደው፣ «ሽኩር፣ ከፊት ሁን እንጂ» ቢለው፣ «ተወኝ ዱካሞ፣ መሪ አለን» አለው።

ፊርዶስ ከዚህ ወዲያ አይታለፍም ብላ መለሰችን። ቁልቁለቱን ሽኩር እሷ የረገጠችበትን እየረገጠ ወረደ። ጫማው ሲያንሸራትተው ትከሻዋን ይይዛል። ከኋላ ሆኜ ዓይኔን ስጠርግ ዱካሞ አየኝ፤ ፀሐዩ ነው አልኩት።

መኪናው ጋ ስንደርስ ሽኩር እጆቹን ዘረጋ። «አላህ ከፊት ከፊትሽ ይሁን። የምትመሪውን ሰው ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ የምትመልሺ ያድርግሽ» አለ። አሚን አልን። ፊርዶስ ጉልበቱን ልትስም ስታጎነብስ ቀና አደረጋትና የፊቱን በር ከፍቶ፣ «ግቢ» አላት። እሱ ከእኔ ጎን ኋላ ገባ።

ይኸውላችሁ፣ ከተጋባን ጀምሮ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ የመኪና በር ከፍቶልኝ አያውቅም!