ማኅተሙ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ዘኪያ ጀማል ባሌን ሰው ፊት አዋርጄው አላውቅም። መርካቶ ራጉኤል ጀርባ ባለው ሱቃችን ሃያ ሁለት ዓመት አብረን መጋረጃ ስንሸጥ፣ ደንበኛ ፊት ሲሳሳት እንኳ አላርመውም፤ የምለውን የምለው ቤት ገብተን ነው። ስለዚህ ሚላን ሆቴል በር ላይ ያደረግሁትን ሰምታችሁ «ይቺ ሴትዮ ለካ እንዲህ ክፉ ናት» ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የጉዞው ነገር የተጀመረው ከመጋረጃ ነው። ልጃችን ኢክራ ጡት ሳትጥል፣ አንድ ሰሞን የከተማ ሥዕል የታተመበት ጣቃ አምጥተን ነበር። ቤቶቹ ውሃ ውስጥ የቆሙ፣ ሰዉ በታክሲ ፋንታ በጀልባ የሚሄድበት። በሜትር እየቆረጥኩ ስሸጥ፣ «ሙህዲን፣ ይሄ ሀገር የምር አለ?» አልኩት። «ቬኒስ ይባላል። አንድ ቀን እወስድሻለሁ» አለኝ። ለጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት። ዱባይም ቻይናም ለዕቃ የሚሄደው እሱ ነው፤ እኔ ሱቅ እጠብቃለሁ። እሱ ግን አልረሳም። ዘንድሮ አንድ ከሰዓት ሱቅ መጥቶ «ተዘጋጂ፣ ቬኒስ ልንሄድ ነው» ሲለኝ፣ ወላሂ፣ መቀሱን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ፊት ለፊታችን አልጋ ልብስ የሚሸጡት እትዬ ሸዋርካብሽ ወሬውን ሲሰሙ፣ «አንቺ! በዚህ ዕድሜሽ ጫጉላ ልትወጪ ነው?» ብለው መስመሩን በሙሉ አሳቁብኝ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ያኔ ቀርቶብኝ እኮ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ስንጋባ የሰርግ ወርቄን ሸጠን ሱቅ ከፈትን፤ በሠርጋችን ሳልስት ጣቃ እደረድር ነበር።

ቪዛውን የጨረሰልን ተክለ ሃይማኖት ቢሮ ያለው ብሥራት የሚባል ደላላ ነው። «እትዬ ዘኪያ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። እዚህም» እያለ በእርሳስ ምልክት ባደረገበት ሁሉ ፈረምኩ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። «ኢክራ ታንብበው» ስል፣ ሙህዲን «ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ አታስጨንቂያት» አለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ባሏን የምትጠረጥር ሴት እንዴት ትተኛለች?

የማኅተሙን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ንግድ ፈቃዱ በሙህዲን ስም ነው፤ የሱቁ ማኅተም ግን የሚቀመጠው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ራሱ ቀለም ያለው፣ ሲጫኑት ጠቅ የሚል። በእኛ ሀገር ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ ስለዚህ ለማንም አላምነውም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ይዤው ነው የምሄደው። አንዴ ሲሚንቶ ላይ ወድቆብኝ ጠርዙ ተሸርፏል። ከመሄዳችን ሁለት ወር በፊት ሙህዲን «እስቲ ማኅተሙን፣ የግብር ደብዳቤ አለችኝ» አለኝ። አውጥቼ ሰጠሁት። በገዛ እጄ!

ከቦሌ ስንነሳ እጄን ይዞኝ ነበር። አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ዓይኔን ጨፍኜ ቁልሁወላህ ስቀራ፣ «አይዞሽ ዘኪ፣ እኔ አለሁ አይደል» አለኝ። ደስ አለኝ። እንደ አዲስ ሙሽራ ትከሻው ላይ ተኛሁ። ይሄንን የምነግራችሁ ምን ያህል እንዳመንኩት እንድታውቁልኝ ነው።

ኢስታንቡል ላይ ሌላ አውሮፕላን እስኪመጣ ሰባት ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። እግሬ አብጦ አዲሱ ጫማ አልገባ አለኝ። ሙህዲን ውዱእ አድርጎ ሊሰግድ ሄደና የወረቀቱን ፋይል ጭኔ ላይ ተወልኝ። የሆቴላችንን ፎቶ ልይ ብዬ ከፈትኩት። እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛ፤ ከመሃል አንድ አማርኛ። ከሥሩ ሰማያዊ ማኅተም አለው። ጠርዙ የተሸረፈ።

«ወ/ሪት ዘኪያ ጀማል» ይላል። ወይዘሪት! «በድርጅታችን ውስጥ ላለፉት ሦስት ዓመታት በሽያጭ ሠራተኝነት በማገልገል ላይ የሚገኙ፣ ያላገቡ፣ ታዛዥና ታማኝ ሠራተኛችን ሲሆኑ፣ በሚላን ከተማ በሚካሄደው የመጋረጃ ኤግዚቢሽን ላይ አሠሪያቸውን እንዲረዱ የተላኩ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ፊርማው የሙህዲን ነው።

ክው አልኩ። ደግሜ አነበብኩት። ሃያ ሁለቱ ዓመት ሦስት ሆኗል። ወርቄ የለም። ሠርጌ የለም። ታዛዥ!

እጅጌውን እንደጠቀለለ መጣ፣ ፂሙ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። «ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

አየና ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ። «ወረቀት ነዋ» አለኝ።

«ወረቀት መሆኑንማ አያለሁ። እኔ ያላገባሁ ነኝ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ያየናል። ብሥራት ነው እንዲህ ይሻላል ያለው። ባልና ሚስት አብረው ሲወጡ አይመለሱም ብለው ይከለክላሉ አለኝ። ለቪዛው ብቻ እኮ ነው ዘኪ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ታኮርፊያለሽ ብዬ ነዋ። ደግሞ አንቺ ለእትዬ ሸዋርካብሽ የማትነግሪው ነገር አለ? ለጥቅምሽ ነው። ቬኒስን ማየት ትፈልጊ የለ?»

«ያላገባሁ ከሆንኩ ኢክራን ከየት አመጣኋት?»

ሳቀ። ወላሂ፣ ሳቀ! ቀልድ የነገርኩት ነው የመሰለው። እኔ ደሜ ፈልቷል። መዋሸቱ አይደለም ያንገበገበኝ፤ መርካቶ አድጌ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ውሸት አይቼ አላውቅም አልልም። «ዘኪ፣ እንዲህ ልንል ነው፣ ትስማሚያለሽ?» ቢለኝ ምናልባት እሺ እለው ነበር። እሱ ግን ከብሥራት ጋር ቁጭ ብሎ ተማክሮ፣ የምጠብቀውን ማኅተም ከእጄ ተቀብሎ፣ እኔኑ ፋቀኝ። እኔ ደግሞ እርሳስ በነካው ሁሉ እየፈረምኩ አገዝኩት።

«ስማኝ» አልኩት። «ሚላን ስንደርስ መስኮቱ ላይ ምንሽ ነው ብለው ከጠየቁ ምን ልትል ነው?»

«ማንም አይጠይቅም።»

«ከጠየቁስ?»

የጠቀለለውን እጅጌ አወረደ። ከዚያ «እሺ፣ ሚስቴ ናት እላለሁ» አለኝ።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

በቃኝ። ሰግዶ የተመለሰ ሰው ወላሂ ብሎኛል፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ጫማዬን በግድ አጠለቅኩና ተነሳሁ። አውሮፕላን ውስጥ ግን ትከሻው ላይ አልተኛሁም። መስኮቱን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ እለምን ነበር፦ ያ አላህ፣ ይጠይቁት። ይጠይቁትና በአፉ ይበለው።

ጠየቁት።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ፖሊስ ፓስፖርታችንን ጎን ለጎን አስቀምጣ አገላበጠች። በእኛ ሀገር ሴት የባሏን ስም ስለማትይዝ ከፓስፖርቱ ላይ ምንም አይገኝም። እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ በጣቷ ወደኔ አሳይታ የሆነ ነገር ጠየቀችው። እንግሊዝኛ ባላውቅም የጠየቀችው ገብቶኛል። ዋይፍ ማለት ሚስት መሆኑን ደግሞ አውቃለሁ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩት።

ሙህዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «ማይ ወርከር» አለ፣ ሠራተኛዬ ናት ማለቱ ነው። «ኩርተን። ኤግዚቢሽን።» ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። «ወርከር?» አለችኝ።

ከኋላችን ረጅም ሰልፍ አለ። «ዋይፍ» ብል ወረቀቱ ሌላ ይላል፣ እኔ ሌላ፤ በመጣንበት አውሮፕላን ይመልሱናል። እትዬ ሸዋርካብሽ ታዩኝ፣ መስመሩ ሁሉ ታየኝ፣ ኢክራ ታየችኝ። ሙህዲን በጫማው ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረገኝ፣ ሱቅ ውስጥ ዋጋ እንዳልቀንስ ሲፈልግ እንደሚያደርገው።

«የስ» አልኩ። «ወርከር።»

ማኅተሙን ጠቅ አደረገችልን። የሱን ውሸት በእኔ አፍ ጨረስኩለት ማለት ነው።

ታክሲ ውስጥ ደስታውን አልቻለውም። «ገባን እኮ ዘኪ! አውሮፓ ነን እኮ!» እያለ እጄን ሊይዝ ሲል ሳብኩት።

«ሠራተኛህን እንዲህ ነው የምትይዘው?»

«አቦ አታካብጂ! ምን ልበላት ታዲያ? ብትመልሰንስ?»

«ወላሂ ብለኸኛል።»

«ኧረ በቃ፣ አለቀ አይደል? ነገ ቬኒስ ነን» አለና በመስኮት ሕንጻ ማየት ጀመረ። ለሱ የምር አልቋል።

ሆቴሉ እኩለ ቀን ላይ ሁለት የበር ካርድ ሰጠን። ሁለት ክፍል፣ ሁለት ነጠላ አልጋ። ለካ ከወረቀቱ ጋር እንዲገጥም ብሎ ብሥራት የአሠሪና የሠራተኛ አድርጎ ነው የያዘልን። ሙህዲን «አንዱን እንተወዋለን፣ ይልቅ ቆዪ እዚህ፣ ምሳ የሚበላበትን ልጠይቅ» ብሎኝ ወረደ። ያመጣነው አንድ ትልቅ ሻንጣ ነው፣ የሱም የኔም ልብስ አብሮ የታጨቀበት። እየጎተትኩ አንደኛው ክፍል ገባሁና ቆለፍኩ። አልጋው ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። የመጋረጃው ጨርቅ ርካሽ ነበር፣ እያለቀስኩም ቢሆን ይሄንን ማየቴ አልቀረም።

ጥቂት ቆይቶ በሩን ቆረቆረ። «ዘኪ፣ ክፈቺ።»

«ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«እኔ ማን?»

«ምን ሆነሻል? ባልሽ ነኝ!»

«እኔ ባል የለኝም። ያላገባሁ ነኝ፣ ደብዳቤ አለኝ።»

«ዘኪ፣ ሰው እያየ ነው። ክኒኔም ያለው ሻንጣው ውስጥ ነው።» የደም ግፊት ክኒኑን ማለቱ ነው። ክፍል የምታጸዳ ሴት ልትሆን ትችላለች፣ አንዲት ሴት ኮሪደሩ ላይ የሆነ ነገር ስትጠይቀው ሰማሁ። ያኔ ጮክ ብሎ፣ ፎቁ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ማይ ዋይፍ! ማይ ዋይፍ!» አላት።

ከኢስታንቡል ጀምሮ ስለምነው የነበረው ቃል ይኸው መጣ። ለክኒን።

ክኒኑን ከሻንጣው አወጣሁ፣ በሱ አልጨክንም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካለው የሆቴሉ ወረቀት አንድ ቀደድኩና ጻፍኩ። «ለአቶ ሙህዲን ሸምሱ። በድርጅትዎ ውስጥ በሽያጭ ሠራተኝነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን የለቀቅሁ መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ። ወ/ሪት ዘኪያ ጀማል።» ቦርሳዬን ከፍቼ ማኅተሙን አወጣሁና ፊርማዬ ላይ ጠቅ አደረግኩት። ክኒኑን ከላይ አድርጌ በበሩ ሥር ገፋሁለት።

ሲያነሳው ሰማሁ።  ካጎነበስኩበት ቀና አልኩና በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ዘኪ» አለኝ፣ ድምፁ ቀጠነ።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ «አጥፍቻለሁ» ቢለኝ እከፍትለት ነበር። እጄ መቆለፊያው ላይ ነበር።

«ታዲያ ስንመለስ ሱቁን ማን ሊከፍት ነው?» አለኝ።

እጄን ከመቆለፊያው ላይ አነሳሁ።

«ሠራተኛ ቅጠራ» አልኩት።