ሐምሌ በጋ የሆነበት አገር

መሪጌታ ይርጋ ስለ ጉዟቸው ያልነገሩት ሰው በጋይንት፣ በቤተ ልሔም ዙሪያ ቢፈለግ አይገኝም። «ብርነሽን ይዤ ልዕልት ዘንድ ልሄድ ነው፤ እህሌን ወቅቼ፣ ጭዴን ከምሬ፣ የካቲት ላይ» እያሉ ወሬውን አርብ ገበያ ድረስ አደረሱት። ልጃቸው ልዕልት ፊጂ የምትባል የደሴት አገር ከገባች ዓመታት አልፈዋል። ባሏ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። መስከረም ላይ ደውላ «አባባ፣ በጋ ላይ ኑልኝ፤ ዝናብ የለም፣ ባሕሩም ጸጥ ይላል፤ ትኬቱን እኛ እንልካለን» አለቻቸው።

እንግዲህ በኛ አገር ደሴት ከተባለ የሚታሰበው የጣና ገዳም ነው። ጎረቤታቸው ደምሌ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ መሪጌታ፣ ደሴቱ ሴት ያስገባል?» ቢላቸው፣ ልጃቸው እዚያው መኖሯን ረስተው «እሱንስ አጣራለሁ» አሉት! ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ይህን የሰሙ ዕለት ጎናቸውን እስኪወጋቸው ሳቁ።

የጥምቀት ሰሞን በሶው ተፈጭቶ፣ በርበሬው ተደልዞ ሲያበቃ ብርነሽ ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ውቂያውም አለቀ። የካቲት በገባ በስንተኛው ቀን እንነሣ?»

«የካቲት?» ልዕልት ደነገጠች። «እማ፣ የካቲትማ እዚህ ክረምት ነው! ዝናቡን ተይው፣ ነፋሱ ጣራ ይነቅላል። የኛ በጋ እኮ ሐምሌ ነው።»

ድምጿ ከስልኩ የተሰማቸው መሪጌታ ከመደባቸው ተነሡ። «ሐምሌ? ሐምሌ በጋ? ሰዎቹ ደህና ናቸው?»

ልዕልት አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማ፣ ደግሞ ሐምሌ ላይ ልወልድ ነው። ፈርቻለሁ» አለች።

ብርነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዕንባ ቀደማቸው። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ቀኗ ሲቃረብ ሴት ልጅ ወደ እናቷ ትመጣለች፣ ይኸው ነው ወጉ። ይቺ ግን ሆዷን ይዛ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ እንዴት ትመጣለች? ስለዚህ እናት ትሄዳለች፤ ብርነሽ በልባቸው ጨረሱ።

መሪጌታ ግን ገና መጀመራቸው ነበር። «ጤፉን ማን ይዘራል?»

«ደቦ ይጥሩ።»

«ደቦ የታመመ፣ ሐዘን የገባበት ሰው ነው የሚጠራ። ሽርሽር ልሄድ ነው ብዬ በዘር ወቅት የሰው በሬ ላስጠምድ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሽርሽር? አራስ ልንጠይቅ ነው እንጂ!»

«እሺ ፍልሰታስ? ጾሙን በሰው አገር?»

«ዓሣው እንዳያስትዎት ነው? እኔ እጠብቅዎታለሁ።»

«የክረምቱን ዜማስ? ጠብታ በሌለበት አገር ቆሜ ዝናብ ዘነበ ልበል?»

«እርስዎ እዚያ ይምሩ፤ ዝናቡ እዚህ ጋይንት ሆኖ ይቀበልዎታል።»

መሪጌታ አኩርፈው ወጡ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጉዞውን ላነሣባቸው ሁሉ «እስቲ እግዜር ያውቃል» እያሉ ሰነበቱ። ወይ ጉድ! ያ አርብ ገበያን ያዳረሰ አንደበት ተቆለፈ። ብርነሽ መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ ቀኑ ሲገፋ ግን ሳቁ አልመጣ አላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ ብርነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ደቦ የሚለምን ወንዱ ነው፤ ሴት ባሏ ተቀምጦ ቆማ ስትለምን ታይቶም አያውቅ።

«ደቦ ልለምናችሁ ነው» አሉ። መሪጌታ ዋንጫቸውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ደርቀው ቀሩ። «ልዕልት የበኩር ልጇን ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። እዚህ ብትሆን እኔ ቤት ነበረች። መምጣት ካልቻለች እኔ እሄዳለሁ። መሪጌታም ሽርሽር ይሉኛል ብለው አፍረው ነው እንጂ ልባቸው ከሄደ ሰነበተ።»

«ታዲያ ለአራስ ጥየቃ ምን ያሳፍራል?» አለ ደምሌ። «ጥማዴን ይዤ እመጣለሁ።»

ተዋበች የምትባል የሰፈራቸው ሴት ደግሞ «አረሙን ለኛ ተዉልን» አለች። ሌላውም ተከተለ፤ ነገሩ ጠላው ሳያልቅ አለቀ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መሪጌታ ፊት ፊት እየቀደሙ ሄዱ። ብርነሽ ቁጣ ነው ብለው ጠበቁ። ከቤታቸው በታች ካለው ዋርካ ሲደርሱ ግን መሪጌታ ቆም አሉና፣

«ብርነሽ፣ ባሕሩን እፈራለሁ» አሉ። «ጤፉም፣ ጾሙም ሰበብ ነው። ጣናን እንኳ ከዳር ቆሜ ነው ያየሁት።»

«የምንሄደው በአየር ነው እኮ።»

«ከሥሩ ያለው ምንድን ነው? ውሃ አይደለም?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ብርነሽ ሳይስቁበት አይለቁትም ነበር። አሁን ግን የባላቸውን ክንድ ያዙ። «እኔም እፈራለሁ። እንቅልፍ ከራቀኝ ሰነበተ። ግን ልዕልትን ሳምጥ እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር፤ እሷን ማን ይያዛት?»

እደጅ ሲደርሱ መሪጌታ ሞፈርና ቀንበራቸውን ከግድግዳው አወረዱና ትከሻቸው ላይ ጫኑ።

«አንቱ ሰው፣ በሰንበት ወዴት ነው?»

«ለደምሌ ላስረክብ።»

«ደቦው እኮ ለሐምሌ ነው! እስከዚያ በምን ሊያርሱ ነው?»

«ከእሱ እየተዋስኩ አርሳለሁ» አሉ መንገድ እየጀመሩ። «ሞፈሩ እቤት ከዋለ ፈርቼ እቀራለሁ።»