ድመቷ የሸናችበት ሶፋ

አጎቴ ጋሽ ሀብተሥላሴ የማያውቁት ነገር የለም። ቦንጋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኃላፊ ሆነው ኖረዋል፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ኃላፊነቱ አልለቀቃቸውም። ስለዚህ ድመታችን የሳሎኑ ሶፋ ላይ ስትሸና ጉዳዩ ወደ እሳቸው ተመራ።

ጊዜውም ክፉ ነበር። እሑድ የፍቅረኛዬ የነቢዩ ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከሺሺንዳ ይመጣሉ። ነቢዩን አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። እናቴ ደግሞ ቤቷ ሸተተ ከሚባል ብትሞት ትመርጣለች።

ሦስት ድመት ያሳደጉት ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ መላውን ነግረውን ነበር። የሶፋውን ልብስ አውልቁ፣ ስፖንጁን በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ አቼቶ በውሃ በጥብጡና አርከፍክፉበት፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ነፋስ ይምታው አሉ። በረኪና ግን እንዳታስነኩት፣ ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ትነት ደረት ይይዛል አሉ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሳቁ። አቼቶ ለሰላጣ ነው አሉ። እሳቸው ስለ ንጽሕና ሥልጠና የሰጡ ሰው ናቸው፤ የጎረቤት መላ ምን ሊያደርግላቸው!

ሁለት ጠርሙስ በረኪና ገለበጡበት። ቀዩ ሶፋ ለምጽ የወጣበት መሰለ፣ እኛ ስናስል ዋልን፣ ሽታው ግን ስፖንጁ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ድመቷም ተመልሳ እዚያው ሸናች፤ ከሥልጠናው የተጠቀመች እሷ ብቻ ነበረች። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፣ ምንም ነገር አልደረቀም። ቅዳሜ ሽቶ ረጩበት፣ አንሶላ አለበሱት፣ ወለሉን በቄጤማ አስሸፈኑ። ለእናቴም ችግሩ ተፈቷል ብለው ሪፖርት አቀረቡ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ የክብር ቦታ ተብሎ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። አያቴ፣ የጋሽ ሀብተሥላሴ አባት፣ ሲጠሩ ወጥተው ሊመርቁን ሱፋቸውን ለብሰው ጓዳ ይጠብቃሉ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ዛሬም ልብሳቸውን ራሳቸው ነው የሚያጥቡት።

እንግዶቹ ጨዋ ናቸው። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ከፈለኝ ብቻ ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ከፍ አደረጉ። አጎቴ ይህን አዩ። ድመት ናት ማለት ሁለት ቃል ነበር። ግን ድመት መሆኗን ማመን በረኪናው አልሠራም ብሎ ማመን ነው፤ ያንን ደግሞ እሳቸው አያደርጉትም።

«ይቅርታ አድርጉልን» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባታችን አርጅተዋል። መቆጣጠር አቅቷቸዋል።»

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ የጓዳው በር ላይ ነበርኩ። ዞር ስል አያቴ የኮታቸውን እጅጌ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸታሉ።

«ሩሀማ፣ እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፤ አውቃለሁ። አያቴን እጃቸውን ይዤ ሳሎን ገባሁ፣ ሽማግሌዎቹን ይነሡልኝ አልኳቸው፣ አንሶላውን ገፈፍኩት።

«ድመት ናት» አልኩ። «አጎቴም ያውቃሉ።»

ሽማግሌዎቹ ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ሄዱ፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ትዳሬን ያበላሸሁት እኔው ነኝ ይላሉ። ሶፋውን አውጥተን ጥለነዋል። አያቴ ግን ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ አይወጡም።