መንደሩ ሁሉ የጠበቀው ሽንት

መዳም ዊዳድ ከአምስተኛ ፎቅ ቅርጫታቸውን በገመድ ሲያወርዱ ድምፅ አያሰሙም። ቅርጫቱ ሱቄ በር ላይ ሲያርፍ የልጃቸውን ሸሚዞች አወጣለሁ፤ ተኩሼ መልሼ እሰድዳለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከቅርጫቱ በፊት ጩኸታቸው ወረደ።

«ኡስታ ዋዲዕ! ድረስልኝ! ቡንዱቅ ግማሹ ሞተ!»

ካውያዬን አቁሜ ደረጃውን ወጣሁ። አሳንሰሩ ከተበላሸ ከርሟል፤ የሕንፃው ባለቤት አሠራዋለሁ እያለ በየበዓሉ ይምላል። ቡንዱቅ እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም፣ ቡናማ ውሻ ነው። ከሶፋ ላይ ዘሎ ሲወርድ አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ የፊት እግሮቹ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ እንደ እርጥብ ካልሲ ይጎተታሉ። እሱም ዞር እያለ ያያቸዋል፤ የማን እግሮች ናቸው የሚከተሉኝ እንደማለት።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ኢንጂ መጥታ ጀርባውን ዳሰሰች፤ ጣቶቹን ቆነጠጠች። በአከርካሪው አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ ካሉት ዲስኮች አንዱ ሾልኮ ነርቩን ተጭኖታል አለች።

«መዝለል የለም፤ ደረጃ የለም። መድኃኒቱን እየወሰደ ሳጥን ውስጥ ይተኛ። ሽንቱን ለጊዜው ፊኛውን እየተጫኑ ያስወጡለታል፤ አሳይዎታለሁ። ዋናው ምልክት እሱ ነው፤ አስቦበት በራሱ ከሸና እግሩም ቀስ እያለ ይመለሳል። ካልሆነ ግን…»

እሷ አልጨረሰችውም። ልጃቸው ራዑፍ ጨረሰላት።

«ካልሆነ እንዳይሠቃይ በመርፌ ማሳረፍ ነው፣ እማዬ።»

«አንተ አርባ ዓመት ሞልቶህ አላገባህም፤ እኔ አሳርፌሃለሁ?»

ራዑፍ ክፉ ሰው አይደለም። እናቱ ሲያለቅሱ ማየት ስለማይችል ነው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ የፈለገው።

ችግሩ የቡንዱቅ ጨዋነት ነበር። ቤት ውስጥ ሸንቶ አያውቅም። መዳም ዊዳድ ፊኛውን ሲጫኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጨነቃል፤ በራሱማ ጋዜጣም ቢነጠፍ፣ በረንዳ ላይም ቢያወጡት ወይ ፍንክች! «ልክ እንደ ባሌ ነው» አሉ፤ «ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው ቤት ሄዶ መጸዳጃ ቤት ጠይቆ አያውቅም።» የለመደው ከሱቄ ፊት ለፊት ያለችውን ዛፍ ነው። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው ደረጃውን ከተወ ቆይቷል።

«ሐኪሟ ደረጃ የለም አለች እንጂ አየር የለም አላለችም» ብለው ቅርጫቱን አመጡ።

የሸሚዝ እጅጌ የምተኩስበትን ጠባብ ጣውላ ሰጠሁ፤ ቅርጫቱ ውስጥ አጋድመን፣ ፎጣ ደርበን፣ ቡንዱቅን አስተኝተን አሰርነው። ራዑፍ ገመዱን ሊያወርድ ቆመ፤ እኔ ታች ልቀበል ወረድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ወርዶ ኖሮ ሰፈራችን ሽብራ በሙሉ በረንዳ ላይ ወጥታለች።

«ቀስ! የልብስ ገመድ አለ!»

«አትንገሩት፣ ይደነግጣል!»

«ማን? ውሻው?»

«ራዑፍ!»

አትክልት ሻጩ ሐጅ ሸዕባን ብቻ አልሰማም፤ ደንበኛ እያስተናገደ ነበር። ሰዉ አትክልትም የሚገዛው በቅርጫት ስለሆነ፣ ቅርጫት ከወረደ እጁ ከዓይኑ ይቀድማል። ቡንዱቅ ገና ሳያርፍ፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ አንድ እስር ቅጠል አናቱ ላይ ጣል አደረገበት። ከቅጠሉ ሥር ምላስ ወጥቶ እጁን ላሰው።

«ውዱእ አድርጌ ነበር እኮ! ልሰግድ ስል የውሻ ምራቅ!»

«ሰላም ማለቱ ነው፣ ሐጅ» አልኩት።

«እጅ መንሳት እንጂ እጅ መላስ ማን አስተማረው?»

እያጉረመረመ ሄዶ እጁን ደጋግሞ ታጠበ። በማግሥቱ ግን እጁን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቅርጫቱን ቀድሞኝ የተቀበለው እሱ ነው።

ያን የመጀመሪያ ቀን በቡንዱቅ ሆድ ሥር ፎጣ አሳልፌ የኋላውን ከፍ አድርጌ ዛፏ ሥር አቆምኩት። ምንም የለም። በማግሥቱም ምንም የለም። ስተኩስ ሰው ሁሉ መጥቶ ያወራኛል፤ መስማት ለምጃለሁ። ያን ሰሞን ግን የመንደሩ ወሬ በሙሉ አንድ ፊኛ ሆነ። ሴቶቹ ከበረንዳ «ሽሽሽ» ይላሉ፤ ሐጅ ሸዕባን ለቅጠሎቹ የሚረጨውን ውሃ ከፍ አድርጎ ያንቆረቁራል። አንዱ ከቡና ቤት ተነስቶ «ዙሩ፣ አትዩት! እናንተስ ሰው እያያችሁ ይመጣላችኋል?» ብሎ ተቆጣ። ሁሉም ጀርባውን ሰጠ። «ሽሽሽ» ማለቱና ውሃው ሠራ፤ የሠራው ግን በቡና ቤቱ አሳላፊ ላይ ነው። ትሪውን ጥሎ ሮጠ።

ሐኪሟ ሰኞ እመጣለሁ ብላለች። ቅዳሜ መዳም ዊዳድ ከበረንዳ መጣራት ተዉ። ገመዱን ራዑፍ ብቻ ያወርዳል፤ እሳቸው ከኋላው ቆመው አፋቸውን በመሐረብ ይዘዋል። እኔ ስተኩስ በልቤ ዳዊት እደግማለሁ፤ ስለ ውሻ ሽንት መጸለይ ግን ድፍረት መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነገርኩት። ፈረሰኛ ነው፤ የእንስሳ ጭንቀት አይጠፋውም አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መስኮቱ ሁሉ ገና ዝግ ሳለ፣ ዛፏ ሥር ይዤው ቆሜ ሳለሁ እግሬን ሞቀኝ። ወደ ታች አየሁ። ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ቡንዱቅ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይቸኩል ይሸናል።

«አላህ ይመስገን!» አለ ሐጅ ሸዕባን።

«መዳም ዊዳድ! ሸና! በራሱ!» ብዬ ጮህኩ።

ከአምስተኛ ፎቅ እልልታ ቀለጠ።

አርባ ዓመት የሞላው ያላገባ ልጅ ያላት እናት እልል ስትል ሽብራ ሌላ ትርጉም አትፈልግም። መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ፤ በየፎቁ እልልታው ተቀበለ። የሁለተኛ ፎቋ ኡም ሐምዲ ለሴት ልጇ እጮኛ ያስቀመጠችውን የጽጌረዳ ሸርባት፣ ያን የደስታ ቀን መጠጥ፣ በጥብጣ ትሪ ይዛ ወጣች። ራዑፍ ቅርጫቱን አውርዶ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ ማዕዘኑ ላይ ያዙት፣ ሳሙት፣ ከመሬት አነሱት።

«ደባቂ! የማን ልጅ ናት?»

«እኔም ገና መስማቴ ነው!»

ዳቦውን እንደያዘ ተሸክመው አወጡት። ቡንዱቅን በቅርጫት ስለላክነው፣ መዳም ዊዳድ በደስታ ራሳቸው ስበውት እሱ ቀድሞ ደርሷል። ራዑፍ ሳሎኑ መሀል ቆመና በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀ።

«እማዬ፣ ማንን ነው ያገባሁት?»

«ምን ማግባት ታመጣብኛለህ! ቡንዱቅ ሸና!»

ኡም ሐምዲ ትሪውን አየች፤ ራዑፍን አየች፤ ሳጥኑ ውስጥ የተኛውን አየች።

«ሸርባቱ አንዴ ተበጥብጧል» አለች። «እንኳን ደስ ያለሽ። እሱም ወንድ ልጅሽ ነው።»

ተጠጣ። ሐጅ ሸዕባን ሁለት ጠጣ። ራዑፍ ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ «አስቦበት ነው?» ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ።

«እግሬ ላይ ነው» አልኩት። «አስቦበት ነው።»

ፊቱን ሳጥኑ ላይ ደፍቶ ቆየ። ሰኞ ሐኪሟ ጣቱን ስትቆነጥጠው ቡንዱቅ እግሩን ሰብሰብ አደረገ፤ ስለ ማሳረፍ ያነሳ አልነበረም።

መዳን ግን በአንዴ አልመጣም። ሐኪሟ ስትፈቅድለት መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ መንገዳገድ ሆነ። ፊቱ ወደ ዛፏ ሲሄድ ኋላው ወደ ቡና ቤቱ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ተከራክረው ይታረቃሉ። መዳም ዊዳድ ይህን ለማየት አንድ ቀን አምስቱንም ፎቅ በልጃቸው ክንድ ወረዱ። ሱቄ በር ላይ አስቀመጥኳቸው።

«አሁንም ይጣመማል» አለ ሐጅ ሸዕባን።

«ይጣመም። እኔስ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው?»

ቡንዱቅ ዛፏ ጋ ደረሰ። ሰው እንደሞላ አየ። እንደ ወጉ፣ እንደ ወንድ፣ አንድ የኋላ እግሩን አነሳ፤ ለትንሽ ጊዜ ቆመለት፤ ከዚያ በጎኑ ዘጭ አለ።

ተነስቶ ራሱን አራገፈና አንድ በአንድ አየን። ሐጅ ሸዕባን ቲማቲሙን መደርደር ጀመረ፤ ራዑፍ ሰዓቱን አየ፤ መዳም ዊዳድ መሐረባቸውን አጠፉ፤ እኔም የተተኮሰ ሸሚዝ ደግሜ ተኮስኩ።

ማንም አላየም።